ከደቻቱ ዳር እስከ ዋተር ፖሎ ገንዳ

ባለፈው ወር ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ መውጫ ላይ አንዲት እናት አስቆመችኝ። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ «ልጆቹን ውሃ ውስጥ የምታስገቢያቸው አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «እኔ ውሃ የወሰደብኝ ሰው አለ። ልጄ ግን ማታ ማታ የምታወራው ስለዚያ ገንዳ ብቻ ነው። ልስጥሽ ወይስ ልከልክላት? እውነቱን ንገሪኝ።» ፀሐይ ላይ ቆመን ብዙ አወራን። የነገርኳትን እዚህ ጻፍኩት። ድሬ ላይ ይህን ጥያቄ በልቧ የያዘች እናት እሷ ብቻ አይደለችም። የእኔም እናት ለዓመታት ይዛው ኖራለች።

የድሬ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከደቻቱ ወንዝ ብዙ ሳልርቅ ነው። ከ2004 እስከ 2013 ዓ.ም. ሆላንድ ውስጥ በአንድ የከተማ ክለብ ዋተር ፖሎ፣ ገንዳ ውስጥ እየዋኙ የሚጫወቱትን የኳስ ጨዋታ፣ ተጫውቻለሁ። ብሔራዊ ቡድን አልደረስኩም። ቀን ሥራዬን እየሠራሁ ማታ ገንዳ የምገባ ተጫዋች ነበርኩ። አብዛኛው የዋተር ፖሎ ሴት ሕይወትም ይኸው ነው።

ድሬን ለማያውቅ፣ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ጎርፉ ሰው በተኛበት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬ እኔንና ወንድሜን እየጎተተች ጎረቤት ፎቅ ላይ አወጣችን። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ድምፁ ነው። የውሃ ድምፅ አልነበረም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው የሚሰማው። ሲነጋ የምናውቃቸው ቤቶች የሉም። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅም አልተረፈችም።

ከዚያ በኋላ እማዬ የውሃ በርሜል እንኳ ሳትከድን አትተኛም። ሽርሽር ተብሎ ገንዳ ያለበት ሆቴል ቢኬድ እኔና ወንድሜ አንሄድም። ማንም አይፈርድባትም። እኔም አልፈርድባትም።

በ2002 ዓ.ም. አባቴ ቀድሞ ወደሄደበት ወደ ሆላንድ ተጠቃለልን። ያረፍንበት ሰፈር ከባሕር ወለል በታች ነው። የትም ዞር ብትይ ቦይ አለ። እማዬ መጀመሪያ ላይ ከቤት መውጣት ትፈራ ነበር። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ስገባ ከክፍሌ መዋኘት የማልችለው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። እዚያ አገር ልጆች ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ የዋና ዲፕሎማዎች አሏቸው። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ገና በልጅነታቸው ይዘውታል። ለፈተናው ልብስና ጫማ እንደተለበሰ ይዋኛል። በውሃ ውስጥ የተዘረጋ ሸራ ቀዳዳ ውስጥ ሾልኮ ማለፍም አለ። የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ ከትንንሾች ጋር ተሰልፌ ተማርኩ። አፍሬ ነበር፤ ግን ተማርኩ።

አስተማሪዬ ሸምገል ያለች ሴት ነበረች። ለምን በልብስ እንደምንዋኝ ጠየቅኳት። «ቦይ ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ልብሱን አውልቆ አይወድቅም» አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ከየት እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ የደቻቱን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና የራሷን ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕሩ ግድቡን ሰብሮ 1,836 ሰው ገድሏል። ከሞቱት ውስጥ የእሷ ዘመዶች ነበሩበት። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛን ውሃ ሲወስደን ልጆቻችንን ከውሃ አራቅን። እነሱ ግን ልጆቻቸውን እያለማመዱ አስጠጉ። ይህን ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ አላቆምኩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዋና ደቻቱን አያሸንፍም። ያ ጎርፍ ድንጋይና ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን ይዞት ይሄዳል። ከጎርፍ የሚያድነው ቀድሞ መውጣት ብቻ ነው። ለዚያች እናትም መጀመሪያ የነገርኳት ይህን ነው። ዋና የሚያድነው ከሌላው ውሃ ነው። ከኩሬ፣ ከግድብ፣ ከገንዳ፣ ረጋ ካለ ወንዝ። ሌላው ጥቅሙ መደንገጥን መቀነሱ ነው። የደነገጠ ሰው እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይሰምጣል።

ወደ ዋተር ፖሎ ያስገባችኝ ያችው አስተማሪ ናት። እግርሽ ጠንካራ ነው አለችኝና ማታ ክለቡ ወደሚለማመድበት ገንዳ ወሰደችኝ። ያየሁትን አልረሳውም። በሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ሴት ልጆች እስከ ደረታቸው ድረስ ከውሃ ወጥተው ቆመዋል። መሬት አልረገጡም፣ ምንም አልያዙም። እጃቸው ላይ ኳስ አለ። ውሃ ላይ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ያኔ የፈለግሁት ጎል ማግባት አልነበረም። እንደዚያ መቆም ነበር የፈለግሁት።

ለማያውቅ ሰው ጨዋታውን ባጭሩ ላስረዳ። በአንድ ወገን በረኛዋን ጨምሮ 7 ሰው ይገባል። ከበረኛዋ በስተቀር ማንም ኳሱን በሁለት እጅ መያዝ አይችልም። የገንዳውን ወለል መርገጥ ክልክል ነው። ትልቅ ውድድር ላይ 8 ደቂቃ የሆነ 4 ክፍለ ጊዜ አለው፤ ኳስ በቆመ ቁጥር ሰዓቱም ስለሚቆም ግን ከዚያ በጣም ይረዝማል። የሴቶች ኳስ ከወንዶቹ ትንሽ ያንሳል። ወንዶች ኦሊምፒክ ላይ መጫወት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። ሴቶች የተፈቀደላቸው በ2000፣ ሲድኒ ላይ ነው። መቶ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሙ ማለት ነው። ይህን ስሰማ የተናደድኩትን ያህል ጉልበት ሰጥቶኛል። ክለባችን ውስጥ ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ስለ ቤጂንግ 2008 ነበር። የሆላንድ ሴቶች በፍጻሜው አሜሪካን 9 ለ 8 አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። ከ9ኙ ጎል 7ቱን ያገባችው ዳንዬል ደ ብሩይን ናት።

እኔ የመሐል ተከላካይ ሆንኩ። ይህ ቦታ ከተጋጣሚው መሐል አጥቂ ጋር ፊት ለፊት መታገል ነው። መሐል አጥቂዋ ጎላችሁ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ኳስ እንዳትደርሳት መከልከል ያንቺ ሥራ ነው። ከውሃ በላይ የምታዩት ግማሹን ነው። ከታች ልብስ ይጎተታል፣ እግር ይጠለፋል፣ ይቧጨራል። ለዚህ ነው ዳኞች ከጨዋታ በፊት ጥፍር የሚያዩት። ጌጥ አይፈቀድም፤ ሰውነት ላይ ቅባትም እንደዚያው። በመጀመሪያው ጨዋታዬ እጅጉን ጓጉቼ ስለነበር አጥቂዋን ደጋግሜ ያዝኳት። ከባድ ጥፋት ከሠራሽ ለጊዜው ትወጫለሽ፤ ያኔ 20 ሰከንድ ነበር። ሦስት ጊዜ ከሆነ እስከ ጨዋታው መጨረሻ አትገቢም። እኔ ግማሹ ጨዋታ ሳያልቅ ሦስቱንም ጨርሼ ወጣሁ። መቀመጫው ላይ ፎጣ ተከናንቤ አለቀስኩ። በኋላ የገባኝ ነገር፣ እጅ የሚያጠፋው እግር ሲደክም ነው። እግርሽ ካልያዘሽ ሌላ ሰው ትይዣለሽ።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ከሁሉ በፊት እግር ነው። ርቀት መዋኘት በኋላ ይደርሳል። ይህ የእግር አሠራር «እንቁላል መምቻ» ይባላል፤ ሁለቱ እግሮች እንደ መምቻው ተራ በተራ ስለሚሽከረከሩ ነው። ገንዳ ባይኖርም ቤት መጀመር ይቻላል። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጪ። ጉልበቶችሽን ከትከሻሽ ትንሽ ሰፋ አድርጊ። ተረከዝሽን ወደ መቀመጫሽ አስጠግተሽ ወደ ውጭ አውጪው፣ በፊት በኩል አዙረሽ ወደ ውስጥ መልሺው። ቀኙ ሲጨርስ ግራው ይቀጥል። ሁለቱ አንድ ላይ ከመቱ ሰውነትሽ ብቅ ጥልቅ ይላል። ተራ በተራ ከሆነ ግን ደረትሽ ባለበት ይቆያል። ጭንሽ ወደ ታች ከወረደ ብስክሌት እንደመንዳት ይሆንብሽና ትደክሚያለሽ። ጭን ከፍ፣ ወገብ ቀጥ።

ገንዳ ውስጥ ስትገቢ መጀመሪያ ጠርዙን በሁለት እጅ ያዢ። ቀጥሎ በአንድ እጅ። ከዚያ ልቀቂና እጆችሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ። ከዚያ አንጓሽን፣ ከዚያ ክርንሽን ከውሃ አውጪ። እኔ ሁለት እጄን አውጥቼ አንድ ደቂቃ ለመቆየት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ጉልበትሽን ከውስጥ በኩል ካመመሽ አቁሚ፤ ታግለሽ የምታሸንፊው ሕመም አይደለም። ዳሌ ማሳሳብ ይረዳል።

ሆላንድ እያለን ክብደት የምንይዘው ውሃ በተሞላ ፕላስቲክ ዕቃ ነበር። ድሬ ስመለስ ይህን አስቤ ሳቅኩ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን የሌለበት ቤት የት አለ? መጀመሪያ ባዶውን ከራስ በላይ ይዞ መቆም፣ ከዚያ ሩቡን ሞልቶ፣ ከዚያ ግማሹን። ልጆቹ ያን ጀሪካን ከቧንቧ ቤት ተሸክመው አድገዋል። ገንዳ ውስጥ ሲያዩት ፍርሃታቸው ይለቃቸዋል።

ሴት ልጆቹ በብዛት የሚጠይቁኝ ስለ ፀጉር ነው። እኔ የጠቀመኝ ሹሩባ ነው፤ ጭንቅላት ላይ ጥብቅ ያለ፣ ኮፍያው የሚቀመጥበት። ገንዳ ከመግባትሽ በፊት ፀጉርሽን በንጹሕ ውሃ አርሺው። ውሃ የጠጣ ፀጉር ክሎሪን ብዙ አይስብም። ስትወጪ ወዲያው ታጠቢ። የድሬ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ የሚጋግር ዓይነት ስለሆነ ፀጉር ያደርቃል። ቅቤውንም ሆነ ቅባቱን ከገንዳ በኋላ ነው፤ ከገንዳ በፊት በፍጹም።

«ይሄ የፈረንጅ ነው፣ ጥቁር አይሰምጥም ወይ?» የሚሉኝም አሉ። ሪዮ 2016 ላይ የአሜሪካ በረኛ የነበረችው አሽሊ ጆንሰን በአገሯ የሴቶች ኦሊምፒክ ዋተር ፖሎ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ወርቅ ወሰደች። ቶኪዮ ላይም ደገመች። በዚያው በቶኪዮ የደቡብ አፍሪካ ሴቶች ገብተዋል። ሁሉንም ጨዋታ ተሸነፉ። እኔ ግን እያንዳንዱን ያየሁት ቆሜ ነው።

እማዬ ጨዋታዬን ለማየት አራት ዓመት ፈጀባት። አባቴ ነው ያመጣት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በጨዋታው መሐል አጥቂዋ ወደ ታች ጎተተችኝ፤ ጠለቅሁ። ስወጣ የእማዬ ጩኸት አዳራሹን ሞልቶት ነበር። ዳኛው ሳይቀር ዞር አለ። እጄን አውጥቼ አሳየኋት። ደህና ነኝ ለማለት ነው። በዚያ ቀን ደጋግሜ እያወጣሁ አሳየኋት። ከዚያ በኋላ ጨዋታ ባለ ቁጥር መምጣት ጀመረች፤ ወንበሯም ከኋላ ወደ ፊት እየቀረበ መጣ። ልጃችሁን ለመላክ የምትፈሩ እናቶች፣ አብራችሁ ኑ። ፍርሃቱን ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ይብሳል።

ያቆምኩት በትከሻዬ ምክንያት ነው። ትከሻ ለዚህ ጨዋታ ዋናው መሣሪያም ዋናው ጉዳትም ነው። አንድ የውድድር ዓመት ሙሉ እያመመኝ ተጫወትኩ። የዚያን ጊዜው አሠልጣኝ «ትንሽ ታገሺ» ይለኝ ነበር፤ እኔም ቦታዬን እንዳላጣ ዝም አልኩ። ዝም ባልል ኖሮ ምናልባት ሁለት ሦስት ዓመት እጨምር ነበር። ስለዚህ የእኔ ልጆች ላይ አንድ ሕግ አለኝ። ያመማት ልጅ ትናገራለች፤ ስለተናገረች ቦታዋን አታጣም።

በ2014 ዓ.ም. አያቴ ስትታመም ድሬ መጣሁ፤ መጣሁና ቀረሁ። አንድ ሆቴል ገንዳውን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እንድንጠቀም ፈቀደልን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንገባለን፣ 2 ሰዓት ላይ እንወጣለን። ከ4 ሰዓት በኋላ የድሬ ፀሐይ ውሃ ውስጥም ያቃጥላል። ገንዳው ለዋተር ፖሎ አልተሠራም፤ ጥልቅ የሆነው አንደኛው ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ 3 ለ 3 ነው የምንጫወተው። ጎሉ ሁለት ባዶ ጀሪካንና ገመድ ነው። ኳሶቹን ከሆላንድ የድሮ ጓደኞቼ ልከውልኛል። ኳስ ባይኖርም የመረብ ኳስ ለመጀመሪያው ወር ይሆናል፤ እርጥብ ሲሆን ግን ያንሸራትታል።

ልብስን በተመለከተ ማንንም አላስገድድም። ሙሉ የሚሸፍን የመዋኛ ልብስ የምትለብስ አለች፣ ጠባብ ሱሪና ቲሸርት የምትለብስም አለች። ሰፊ ጥጥ ብቻ አይሁን፤ ውሃ ይይዝና ይከብዳል። የተማርኩት በልብስ ስለሆነ ይህ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ረመዳን ላይ የሚጾሙት ውሃ እንዳይውጡ ገንዳ አይገቡም፤ ወንበር ላይ እግር እንሠራለን። የወር አበባ ላይ ያለችም እንደዚያው። ምክንያት አትጠየቅም።

ደህንነትን ግን አልደራደርበትም። እኔ ውሃ ውስጥ ስሆን አንድ መዋኘት የሚችል ትልቅ ሰው ደረቁ ላይ ቆሞ ያያል። ስልክ አይነካም። ቆጥረን እንገባለን፣ ቆጥረን እንወጣለን። ገንዳ ውስጥ የተማረች ልጅ ወንዝ ትችላለች ማለት አይደለም፤ ይህን በየሳምንቱ እነግራቸዋለሁ። መዋኘት የጀመረች ልጅ ሁለተኛው ወር ላይ ልቧ ይሞላል። ከሁሉ በላይ የምፈራው ያንን ወር ነው።

ያች የቀፊራዋ እናት ልጇን ሰጠችኝ። በሦስተኛው ሳምንት እሷም መጣች። ዳር ላይ ተቀምጣ ቆጠራውን አሁን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ስም አትጠራም፤ በጣቷ እየነካች ነው የምትቆጥረው፣ ሲገቡም ሲወጡም።

ክረምት እየመጣ ስለሆነ ደግሞ ለአዲሶቹ ቤተሰቦች ይህን ልንገራችሁ። ከልጆቹ ግማሾቹ ደቻቱን ተሻግረው ነው የሚመጡት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ደንገጎ ተመልከቱ። እኔ 12 ሰዓት ላይ ወጥቼ አያለሁ። ተራራው ላይ ደመና ካለ፣ ድሬ ላይ ፀሐይ ቢሆንም፣ የዚያን ቀን ልምምድ የለም። ለሁሉም እደውላለሁ። ወንበር አውጡና እግር ሥሩ።